ሐረጎን ለመውጣት የእሽቅድምድም ዘይት?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወርጄ ማታ እወጣዋለሁ። መኪናዬ በፈረንጆች የ2004 ሥሪት ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.5 ሞተር፣ ቪቪቲ-አይ፣ 180 ሺህ ኪሎሜትር ገደማ ሄዳለች። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዱባይ ውስጥ የውድድር መኪና በሚጠገንበት ጋራዥ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ‹ሬሲንግ› የሚል ባለ 4 ሊትር የሞተር ዘይት በካርጎ ላከልኝ። 20ደብሊው-50 ይላል፤ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ተስሎበታል። በስልክ ‹ሐረጎን የምትወጣ መኪና ከውድድር መኪና በምን ታንሳለች? ይኼን አድርግባትና እንደ አዲስ ትሆንልሃለች› አለኝ። መካኒኬ ደግሞ ‹ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ነው የሚያዋጣው› ይላል። ማኑዋሏ 5ደብሊው-30 ነው የሚለው። ባለቤቴ በበኩሏ ‹ወንድሜ ከዚያ ድረስ ከፍሎ የላከውን ሳትጠቀምበት ልታስቀምጠው ነው?› እያለች ተቀይማኛለች። ዘይት መቀየሪያዬ ደርሷል። ምን ይመክሩኛል?»

አብሽር ወንድሜ። ዘይቱ ገና ጣሳው ውስጥ ነው፤ መኪናህም ደኅና ናት፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም።

መልሱን ላስቀድምልህ፦ አታድርግባት። ማኑዋልህ እንዳለው 5ደብሊው-30 የሆነ የዘወትር ዘይት ግዛ፣ ካጣህ 10ደብሊው-30 ይሁን፣ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር። የአማችህን ጉዳይ ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ። እሱ ከዘይቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥያቄህን ግን ወድጄዋለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሐረጎን ያውቀዋል ማለት ነው። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ኮምቦልቻ ጋራዥ ቁልፍ አቀባይ ሆኜ ስገባ የአሰብ መንገድ ገና ክፍት ነበር። ከወደብ ጭነው የሚመጡ ፊያት ኤን ትሬዎች ባቲን አልፈው እኛ ደጅ ይቆማሉ፤ ሞተሩ እስኪበርድ ሹፌሮቹ ቡና ጀባ ይባባላሉ፤ ወሬያቸው ሁሉ ከፊታቸው ስላለው ዳገት ነው። ስለዚህ ሐረጎን አቃልለህ ንዳ አልልህም።

ነገር ግን የዳገት ጭነትና የእሽቅድምድም ጭነት ለየቅል ናቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣለህ። አንተ ይኼን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ ሞተርህ በደቂቃ 3,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። የውድድር ሞተር የዚህን እጥፍ፣ አንዳንዱም ሦስት እጥፍ ይዞራል፤ ያውም ለረጅም ሰዓት እግር ከነዳጅ ሳይነሳ።

ሌላም አማችህ የረሳው ነገር አለ። እሱ ያለበት ዱባይ ባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላ አየሯ ሳስቷል። ሞተርህ በአንድ ምት የሚስበው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ የሚረጨው ቤንዚንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወደ ላይ ስትጠጋ «ዛሬ መኪናዬ ምን ነካት፣ ከበደች» የሚያሰኝህ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሙሉ ጉልበቷን የምታወጣበት አየር ስላላገኘች ነው እንጂ እንደ ውድድር መኪና ስለነደደች አይደለም። በዚህ ከፍታ የሚያሰጋው ዘይቱ ሳይሆን ውሃው ነው፤ ደሴ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ቀይረው፤ ከሬሲንግ ዘይት ይልቅ ለሐረጎ የሚጠቅምህ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጣሳው እንግባ። ማንኛውም የሞተር ዘይት ሁለት ነገር ነው፦ መሠረቱ ዘይትና በውስጡ የሚገባው ቅመም። የእሽቅድምድምና የዘወትር ዘይት የሚለያዩት ከሁሉ በላይ በቅመማቸው ነው።

የእሽቅድምድም ዘይት ዚንክና ፎስፎረስ በብዛት ይጨመርበታል። ብረትና ብረት በኃይል ሲፋተጉና በመካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ሲቀደድ፣ ይኼ ቅመም ብረቱ ላይ እንደ ስስ ልባስ ተጋግሮ ያድነዋል። በተረፈ ሞተር አጣቢው፣ ጥላሸት አንሳፍፎ የሚይዘው፣ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ሁሉ ይቀነሳል። ለምን ቢሉ ዘይቱ ሞተር ውስጥ አያድርማ! የፎርሙላ ዋን ሞተር ሳይነሳ በፊት ውሃውና ዘይቱ ከውጭ ይሞቅለታል። አሜሪካኖች «ቶፕ ፊውል» የሚሉት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚከንፈው መኪና ደግሞ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ ዘይቱ ይደፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያ ዘይት የተሠራው ሮጦ ለመደፋት ነው።

የዘወትር ዘይት ኑሮው ሌላ ነው። ጠዋት በብርድ ይነሳል፤ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ይጠፋል፤ እንደገና ተነስቶ ገበያ ይሄዳል፤ ትርፍ ሰዓቱን ቆሞ ያሳልፋል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ እንደሚወጣው ብዙ ሰው አያውቅም። አብዛኛው በማርሚታ ይወጣል፤ ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጫፍ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ጥቂቱ ግን ከጥላሸትና ካልነደደ ቤንዚን ጋር በፒስተኑ ቀለበቶች (በፋሻዎቹ) ጎን ሾልኮ ወደ ታች፣ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ኮፓ ይወርዳል። ዘይቱ በደንብ ከጋለ ውሃው ተንኖ ይሄዳል። ካልጋለ እዚያው ተቀምጦ አሲድ ይፈጥራል፤ ከጥላሸቱ ጋር ተቦክቶም አተላ ይሆናል። የዘወትር ዘይት ውስጥ ያለው አጣቢ ቅመም አሲዱን የሚያረክሰውና ጥላሸቱን በትኖ አንሳፍፎ ዘይቱ እስኪቀየር የሚይዘው ለዚህ ነው። «ዘይቴ በሁለት ሳምንት ጠቆረ» ብለው የሚያማርሩ ደንበኞች ነበሩኝ። የጠቆረው ቆሻሻውን ተሸክሞ ስለያዘ ነው፤ ይልቅ ብዙ ሄዶ ሳይጠቁር የቀረው ያሳስበኛል።

እዚህ ላይ ለሐረጎ አንድ ነገር ልመስክርለት። በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርደህ መመለስህ ለሞተርህ መድኃኒት ነው። ማታ ዳገቱን ስትወጣ ዘይቱ በደንብ ስለሚግል የሰበሰበውን ውሃ አራግፎ ይገባል። መኪናህን የሚጎዳት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ከሆጤ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ፣ በየመካከሉ እየጠፋች። አንድ ቅዳሜ ማታ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ እየው። ከሥሩ እርጎ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ብርድና አጭር ጉዞ ነው፤ ሰኞ ኮምቦልቻ ደርሰህ ስትመለስ ይቀንሳል። ካልቀነሰና የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሳያፈስ አይቀርምና ወደ ጋራዥ ሂድ።

ነገሬን በጉሎ ላስረዳህ። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ጉሎ ታውቀዋለህ። የጥንት የውድድር መኪናዎችና የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሞተር የሚለሰልሰው በጉሎ ዘይት ነበር። ዛሬ በየማደያው የምታየው «ካስትሮል» የሚለው ስም ራሱ ጉሎ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቀዳ ነው፤ በፈረንጆች ከ1909 ጀምሮ ነው የወጣለት። የዚያ ዘመን አብራሪዎች ሞተሩ የሚተፋውን የጉሎ ጭስ ሲስቡ ውለው ሆዳቸው አላስቆም አላስቀምጥ ይላቸው ነበር ይባላል፤ የጉሎን ነገር የሚያውቅ ሰው ይኼን አይጠራጠርም።

ጉሎ በግለት ጊዜ ብረት ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚይዝ ድንቅ ማለስለሻ ነው። ችግሩ ውሎ ሲያድር እየደረቀና እየጠነከረ ሄዶ ሞተሩን በሙጫ ይለብጠዋል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ የሚያደርጉት እኮ ይኸው ነው። ጉሎ ወይም ጎመን ዘር ፈጭተው ትኩስ ምጣድ ላይ ያሻሉ፤ ቅባቱ ሸክላው ላይ ጋግሮ ይለሰልሳል፤ እንጀራው ሳይዝ ይነሳል። ምጣድ ላይ የምንፈልገው መጋገር ሞተር ውስጥ መቅሰፍት ነው። የውድድር ሰዎች ግን ግድ አልነበራቸውም፤ ሞተሩን በየጊዜው ፈትተው ያጥቡታላ። አንተ ኮሮላህን በየወሩ አስፈትተህ ልታሳጥብ ነው?

የዛሬው የእሽቅድምድም ዘይት ጉሎ አይደለም፤ ጠባዩ ግን የዘመድ ነው። ለአንድ ቀን ብርቱ ነው፤ ለወራት ግን አልተፈጠረም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጠንካራ ዘይት» ሲሉት «ረጅም የሚሄድ ዘይት» ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት፣ ሥዕሉ ያማረ ጣሳ ከሆነ ቦታ ገዝቶ፣ «ይኼ ኃይለኛ ስለሆነ ቶሎ አይቀየርም» ብሎ 9 ሺህ ኪሎሜትር ነዳበት። የቴስታታውን ክዳን ስከፍተው የጠላ አተላ የተደፋበት ይመስል ነበር። በጣቴ ጠረግኩት፤ እንደ ግሪስ ወፍሮ ተነሳ። ልጁ ከአጠገቤ ቆሞ «ግን እኮ ውድ ዘይት ነበር» አለኝ። እንደ ውድድር ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ደፍቶት ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ። አንተ በሥራ ቀን ብቻ 50 ኪሎሜትር ትሄዳለህ፤ ይህ በወር ከአንድ ሺህ ያልፋል። ያንን ዘይት በውድድር ሰው ሥርዓት ልቀይር ብትል ደመወዝህ አይችለውም።

ፎስፎረሱም ሌላ ጣጣ አለው። ሞተር ትንሽ ትንሽ ዘይት ማቃጠሉ አይቀርም፤ የሚቃጠለው ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፎረስ በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስት የሚሉትን፣ ቀስ በቀስ ለብጦ ያደነዝዘዋል። ዘመናዊ የዘወትር ቀጫጭን ዘይቶች የፎስፎረስ መጠናቸው ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ያንተ መኪና ካታሊስት በቦታው ይኑር አይኑር ሥሯ ገብቶ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው፤ በእኛ አገር ስንቱ ተፈልፍሎ ወጥቷል!

እንግዲህ ጣሳውን አንሳና ገልብጠው። ፊቱን ተወው፤ ባንዲራውም ነብሩም እሳቱም ለዓይን ነው። ጀርባው ላይ ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የሚል ክብ ምልክት ፈልግ። ምልክቱ ውስጥ «ኤስ» በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር ሁለት ፊደል ካለ ዘይቱ ለቤንዚን ሞተር የመንገድ ደረጃ አለው ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ፊደል ወደ ፊት በሄደች ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ አዲሱም የፊተኛውን ሥራ ይሠራል። ለመኪናህ ኤስኤል ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ይበቃታል። «ሲ» ብሎ የሚጀምር ብቻ ከሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው።

ታዲያ ያማችህ ጣሳ ኤስ የሚል ደረጃ ካለው፣ የእሽቅድምድም ልብስ የለበሰ የመንገድ ዘይት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ብዙ አለ። ምንም ደረጃ ከሌለውና «ለውድድር ብቻ» ወይም «ለመንገድ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ካገኘህበት እውነተኛው ነው። ራሱ አምራቹ አይሆንም ካለ እኔና አንተ ምን እንከራከራለን? ደረጃ ቢኖረው እንኳ 20ደብሊው-50 መሆኑ ይቀራል፤ ይኼ ደግሞ ወደ መካኒክህ ይወስደናል።

መካኒክህ የሚለው ነገር መነሻ አለው። እኛ ሥራ የተማርንበት ዘመን ሞተሮች ሰፊ ክፍተት ነበራቸው፤ ሲያረጁ ብሮንዚኑ ይሰፋል፣ ፋሻው ይላላል፣ ወፍራም ዘይት ክፍተቱን ይሞላል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ግን ያንተ ኮሮላ ያ ሞተር አይደለም። ቪቪቲ-አይ ማለት ዘይት እንደ እጅ ሆኖ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የካምሻፍቱን ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅስበት ሥርዓት ነው፤ ዘይቱ በጠባብ ቱቦና በትንሽ ወንፊት ያልፋል። ወፍራም ሲሆን እጁ ይዘገያል፤ አተላ ሲሆን ወንፊቱ ይደፈናል።

ቁጥሮቹንም ላስረዳህ። ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚፈስበትን ይነግርሃል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ ፈጥኖ ይፈሳል። በኋላ ያለው 100 ዲግሪ ሲደርስ ያለውን ውፍረት ነው። በዚያ ግለት የ50 ዘይት ከ30ው እጥፍ ሊቃረብ ምንም አይቀረው፤ የ30 የውፍረት ልኬት (በሴንቲስቶክስ) ከ9.3 እስከ 12.5 ሲሆን የ50 ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ደሴ እንደ ሰሜን አውሮፓ በረዶ የለባትም፤ 20ደብሊውም ቢሆን ሞተሩን ማስነሳቱን ያስነሳዋል። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቀዋለህ። በዚያ ሰዓት ሞተር ሲነሳ ዘይቱ እላይ ካምሻፍቱ ጋ እስኪደርስ ያለችው ትንሽ ጊዜ ብረት ከብረት የሚፋጭባት ናት፤ ቀጭኑ ቀድሞ ይደርሳል። «ሬሲንግ» ማለት «ወፍራም» ማለት እንዳይመስልህ ደግሞ፤ እንደ ውሃ የቀጠኑ የውድድር ዘይቶችም አሉ።

መካኒክህን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «መኪናዬ ዘይት ትጠጣለች ወይ?» መልሱን ራስህም ታገኘዋለህ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁመህ መለኪያ ዘንጓን አውጥተህ ጥረግ፣ መልሰህ አስገባና አንብብ፤ በየሳምንቱ። ደሴ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ተዳፋት ላይ ያነበብከው ግን ይዋሻል። በሺህ ኪሎሜትር ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ከጎደለብህ ወደ 10ደብሊው-40 ብትወጣ አልቃወምህም። ካልጎደለብህ ግን 180 ሺህ ሄደች ተብሎ ብቻ ወፍራም አይደፋባትም።

ሞተርህ ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ገደማ ነው፤ ባለ 4 ሊትሩ ይበቃሃል፤ የምትተርፈውን ለመሙያ አስቀምጣት። ተራውን ማዕድናዊ ዘይት ከገዛህ በ5 ሺህ ኪሎሜትር ቀይረው፤ ባንተ አካሄድ አራት ወር ከምናምን ማለት ነው። ሲንተቲክ ከሆነ ጣሳውና ማኑዋሉ የሚሉትን ያህል ሊሄድ ይችላል፤ እኔ ግን በእኛ አቧራ ትንሽ ቀደም ብሎ መቀየርን እመርጣለሁ። ፊልትሮውን «ለሚቀጥለው ጊዜ ይሁን» አትበል፤ አሮጌ ፊልትሮ ላይ አዲስ ዘይት መድፋት ባልታጠበ ጀበና ቡና ማፍላት ነው።

አስመስሎ የተሠራ ዘይትም አለና ተጠንቀቅ። የክዳኑን ቀለበትና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ አይተህ ግዛ፤ ደረሰኝ ተቀበል። ባዶውን ጣሳ ለጋራዥ ልጆች እንዲሁ አትተውላቸው፤ ሥሩን በምስማር ብሳው። አለዚያ ያው ጣሳ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ከወር በኋላ ላንተው ይሸጥልሃል። የተቃጠለውን ዘይትም ቦይ ውስጥ አታስደፋው፤ ከደሴ የተደፋው በቦርከና ወንዝ ወርዶ ኮምቦልቻ ይጠብቅሃል።

ከሐረጎ ስትወርድ ማርሽ አውጥተህ አትልቀቃት። ይኼን አልጠየቅከኝም፤ ግን አላስችል አለኝ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉት ለድሮ ካርቡራተር ነው። ያንተ ሞተር በማርሽ ተይዛ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ቤንዚን መርጨቷን ታቆማለች፤ ማርሽ ስታወጣ ግን እንዳትጠፋ ብላ ትረጫለች። ፍሬንህንም ታድነዋለህ፤ ነፍስህንም።

አሁን ወደ አማችህ። ዘይቱን ከቁም ሳጥን ጀርባ ደብቀህ «አደረግኩት» ብለህ እንዳትዋሽ፤ ለፋሲካም ይሁን ለአረፋ መጥቶ ኮፋኖ ከፍቶ መጠየቁ አይቀርም፤ የሙያው ሰው ነው። ግማሽ በግማሽ ቀላቅለህም ሁለቱን ላስደስት አትበል፤ የጥሩውን ዘይት አጣቢ አቅጥነህ ነው የምትቀረው።

ሰፈር ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው አታጣም። የቮልስ ሞተር በአየር የሚበርድ፣ ካምሻፍቱ ጠፍጣፋ ፑንቴሪያ (የቫልቭ መግፊያ) የሚገፋ የድሮ ሥሪት ነው፤ እንዲህ ያለው ዚንክ ይወዳል፤ የሚይዘውም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ ስለሌለው ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ልማዱ ነው። ጣሳው ጀርባ ላይ ያ የኤስ ደረጃ ካለ ለቮልሱ ባለቤት ሸልመው፤ ይመርቅሃል። ደረጃ ከሌለው ግን ለእሱም አትስጠው፤ ለአማችህ አስቀምጥለት።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ደውልለት። ከሱ ሙያ ጋር አትከራከር፤ እሱ ባለበት ቦታ ትክክል ነው። መጀመሪያ ስለ ላከው አመስግነው፤ ከልብህ አመስግነው፤ ከደመወዙ ከፍሎ ነው የላከው። ቀጥለህ እንዲህ በለው፦ «ወንድምዓለም፣ እናንተ ጋ ይኼ ዘይት ስንት ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ ነው የሚደፋው?» ከዚህ ሌላ ምንም አትጨምር። ስትደውል ባለቤትህ ከጎንህ ትቀመጥ፤ ድምፁን ክፈተውና መልሱን ከወንድሟ አፍ ትስማው።